ችቦው ለምን ይነድ ነበር?

ባለፈው ወር አንዲት የኬሚካል ምህንድስና ተመራቂ ልትጠይቀኝ ቤቴ መጥታ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን አሮጌ ፎቶግራፍ ስታይ ቆየች። እሠራበት በነበረው ቢራ ፋብሪካ ግቢ፣ በምሽት ከባልደረቦቼ ጋር የተነሣሁት ነው። ከኋላችን በረጅም ቧንቧ ጫፍ ላይ እሳት ይነዳል። "ጋሼ፣ ይህ ከፍሳሽ ማጣሪያው የሚወጣው ጋዝ አይደለም? ለምን ዝም ብላችሁ አቃጠላችሁት?" አለችኝ። አንድ ነገር ተናገርኩ፤ መልስ ግን አልነበረም። ስለዚህ ለእሷም ለእኩዮቿም ይህን እጽፋለሁ። ተማሩ፣ አንብቡ፣ ሰዓት አክብሩ የሚለውን ወላጆቻችሁ ስለነገሯችሁ እዘለዋለሁ።

እናቴ ጠላ ጠማቂ ነበረች። አተላው ለላሚቱ ይሰጣል፤ እበቷ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፤ በኩበቱ እሳት የሚቀጥለው ጠላ አሻሮ ይታመሳል። አመዱ እንኳን ለጓሮ ጎመን ይበተናል። ተማሪ ሳለሁ ለተግባር ልምምድ ወንጂ ስሄድ ያንኑ ነገር በትልቁ አየሁት። ሆላንዳውያን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመሩት ስኳር ፋብሪካ፣ ሸንኮራው ተጨምቆ የሚቀረውን ገለባ፣ ሠራተኛው ባጋስ የሚለውን፣ ለቦይለሩ ዋና ማገዶ አድርጎት ነበር። በእንፋሎቱ ጭማቂው ይፈላል፣ ተርባይኑም ይዞራል። "ይህማ የእናቴ ኩበት ነው" ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከዓመታት በኋላ የጥገና ኃላፊ ስሆን ደብተሩንም ቃሉንም ረስቼ ነበር።

የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የብቅሉን ገለባ ነው። እሱን አትንኩት። የወተት ላም ያላቸው ሰዎች በመኪና እየጫኑ የሚወስዱት መኖ ነው፤ ላም የምትበላውን ማንደድ ለእኔ ነውር ነው። የሚባክነው ፍሳሹ ነው። ታንኩና ጠርሙሱ ሲታጠብ ስኳር፣ እርሾና የተደፋ ቢራ ይዞ ይወርዳል። ወንዝ ከገባ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣውም ይሞታል። አየር በማይገባው ማብላያ ታንክ ውስጥ ካለፈ ግን ባክቴሪያዎች ይበሉትና ሚቴን ይሰጣሉ። ሆላንዳዊው ጋትዘ ለቲንጋ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያበለጸገው ዓይነት ታንክ ፍሳሹን ከሥር ወደ ላይ፣ በጥቁር ዝቃጭ ውስጥ ያሳልፈዋል። አየር የሚነፋ ሞተር አያስፈልገውም።

እኛም ይህ ታንክ ነበረን። የተተከለው ወንዙን ላለመበከል ነበር፤ ስለ ጋዙ ያሰበ ሰው አልነበረም። ጋዙ በፎቶው ላይ በሚታየው የቧንቧ ጫፍ፣ ችቦ በምንለው፣ ይነዳል። በዚያው ሌሊት ከጅቡቲ የመጡ ቦቴዎች ለቦይለሩ ጥቁር ናፍጣ ያራግፋሉ። ሾፌሮቹ ጎንበስ ብለው ቱቦ ሲገጥሙ የችቦው ብርሃን ጀርባቸው ላይ ይወዛወዝ ነበር። አገር በጭንቅ ባገኘችው ዶላር የገዛችውን ነዳጅ እየተቀበልን የራሳችንን ወደ ሰማይ እንሰዳለን። ይህን ለዓመታት በዓይኔ አየሁ።

አንድ የፈረቃ ቴክኒሻን ነበረን፤ ከሃያ አራት ዓመት አይበልጥም። አንድ ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ቢሮዬ በር ላይ ጠበቀኝ። በካርቶን ቁራጭ ላይ ስሌት ይዟል። "ጋሼ፣ ፍሳሻችን በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ነው። በአንዱ ሜትር ኩብ 3 ኪሎ ሲ.ኦ.ዲ.፣ ማለትም በሚፈልገው ኦክስጅን የሚለካ ቆሻሻ፣ አለ። ታንኩ 80 በመቶውን ቢበላ 2,400 ኪሎ ነው። ከአንድ ኪሎ 0.35 ሜትር ኩብ ሚቴን ስለሚገኝ 840 ሜትር ኩብ ይሆናል። በየቀኑ ከ700 ሊትር በላይ ጥቁር ናፍጣ ይተካል።"

ስሌቱ ልክ ነበር። ያኔም ልክ መሆኑን አውቄአለሁ። ጋዙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ስላለው ብረቱን ይበላዋል አልኩት፤ በዛገ የብረት ብናኝ ውስጥ አሳልፈን እናጣራዋለን አለ። የቦይለሩ ማንደጃ ጋዝ አይቀበልም አልኩት፤ ጋዙንም ጥቁር ናፍጣውንም የሚቀበል አለ አለኝ። ሚቴን እንዲሁ ቢለቀቅ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል፤ እኛ ስለምናነደው አየሩን አንጎዳም አልኩት። እዚህ ላይ ዝም አለ። በመጨረሻ ቦይለር ቤቱ ሩቅ ነው፣ በጀቱም ለሚቀጥለው ዓመት ነው፣ ታገስ ብዬ ካርቶኑን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

እውነቱ ሌላ ነበር። ፈርቼ ነው። ቦይለሩ ለአንድ ቀን ቢቆም የምጠየቀው እኔ ነኝ። በከንቱ ስለነደደው ጋዝ ግን ማንም አይጠይቀኝም።

ልጁ ሁለት በጀት ዓመት ታገሠ። ከእኛ ሁሉ ነበልባሉን ማንበብ የሚችል እሱ ብቻ ነበር። አንድ ንጋት "ችቦው ቀጥኗል" እያለ እየሮጠ መጣ። ለካ ሌሊት የቢራ ታንክ ማጠቢያው ኮስቲክ ሶዳ በአንዴ ተለቅቆ ባክቴሪያዎቹን መርዟቸዋል፤ እስኪያገግሙ ሳምንታት ፈጀባቸው። ስለዚህ ወደ ፋብሪካ የምትገቡ ልጆቼ፣ ስለ ጄኔሬተር ከማውራታችሁ በፊት የፍሳሹን ማጠራቀሚያ እዩ። ፍሳሹ እዚያ ተደባልቆ፣ ፒ.ኤች.ው፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ፣ ሰባት አካባቢ፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ካልገባ የምትገዙት ማሽን ሁሉ ከንቱ ነው።

ዛሬ ብዙዎቻችሁ ለውድድር የሚሆን ያማረ ፕሮጀክት ታዘጋጃላችሁ፤ ቦይለር ቤት ገብቶ አንድ ሌሊት ያደረ ግን ጥቂት ነው። ሁሉን በሦስት ወር ትፈልጋላችሁ። ባክቴሪያ በሦስት ወር ሥራ ቢለምድ ደግ ነው፤ ታገሡ እላችኋለሁ። ይህን ስጽፍ እጄ ይቆማል፤ ለዚያ ልጅ ያልኩት ይህንኑ ቃል ነውና። ባክቴሪያውን ታገሡ፤ እንደ እኔ ያለውን ኃላፊ ግን አትታገሡ። በሬን በየሳምንቱ ቢያንኳኳ ኖሮ ምናልባት እፈርም ነበር። ወይም አልፈርምም ነበር፤ አሁን ላይ ሆኜ ራሴን ማሳመር አልፈልግም።

ሥራ ሲለቅ የመልቀቂያውን ወረቀት የፈረምኩለት እኔ ነኝ። ካርቶኑን እንደገና ያገኘሁት ጡረታ ወጥቼ መሳቢያዬን ሳጸዳ ነው። ያኔ ገልብጬ አላየሁትም ነበር። በጀርባው ግቢያችንን በእርሳስ ስሎ፣ ከታንኩ እስከ ቦይለር ቤቱ አንድ መስመር አስምሮበታል። ከመስመሩ ሥር "በሜትር ለክቼዋለሁ፤ 180 ሜትር ቧንቧ ይበቃል" ይላል።