«ተራዘመ» ሲባል ምን ተባለ? ስለ ቀጠሮና ስለ ቀን ለውጥ ግሦች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «የሐሙሱ ስብሰባ ተራዘመ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ሌላ ቀን የሚደረግ መስሎኝ ቀረሁ። ለካስ ስብሰባው በቀኑ ተጀምሮ እስከ ማታ እንዲቆይ ነው የተወሰነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ ጸሐፊው?

መልስ፦ ግሡ ሁለቱንም ይሸከማል፤ ጥፋቱ መልእክቱ በአንዲት ቃል ማለቁ ነው። ማራዘም ከ«ረዘመ» የወጣ ነው። የሚረዝም ነገር ደግሞ መጀመሪያው ባለበት ቆሞ መጨረሻው ይርቃል፤ የምዝገባ ጊዜ ተራዘመ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ተራዘመ፣ የሥራ ውል ተራዘመ የምንለው ለዚህ ነው። ያልተጀመረ ነገር ወደ ሌላ ቀን ሲሄድም ያንኑ «ተራዘመ» እንላለን፤ ዜናውም ሰዉም ስለሚለው ስህተት ሊባል አይችልም።

በ2012 ዓ.ም. ሁለቱ ትርጉሞች በሦስት ወር ውስጥ ጎን ለጎን ታይተዋል። ምርጫ ቦርድ ለነሐሴ 23 ታቅዶ የነበረውን ጠቅላላ ምርጫ በኮሮና ምክንያት በጊዜው ማካሄድ እንደማይችል መጋቢት 22 ቀን አስታወቀ፤ «ምርጫው ተራዘመ» ተባለ። ሰኔ 3 ቀን ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምክር ቤቶቹና አስፈጻሚው ምርጫ እስኪደረግ እንዲቀጥሉ ወሰነ፤ ይህም «የሥራ ዘመኑ ተራዘመ» ተባለ። በመጀመሪያው ምንም የረዘመ ነገር የለም፣ ቀኑ ነው የሄደው። በሁለተኛው ግን ማብቂያው ነው የራቀው። ምርጫው በኋላ ለግንቦት 28 ቀን 2013 ተቆረጠ፣ ከዚያም ወደ ሰኔ 14 ተዛወረ። እዚህ ላይ «ተዛወረ» ማንንም አያደናግርም፤ ስለዚህ ገና ላልተጀመረ ነገር «ተዛወረ» ወይም «ተላለፈ»፣ ማብቂያ ላለው ነገር «ተራዘመ» ማለትን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ሁልጊዜ «ተላለፈ» ብዬ ብገላገልስ?

መልስ፦ እሱም ጣጣ አለው። «የእሁዱ ጨዋታ ተላለፈ» ሲባል በቴሌቪዥን ታየ ማለት ነው ወይስ ለሌላ ቀን ተቀጠረ? «ስብሰባው ውሳኔ አስተላለፈ» ወሰነ ማለት ነው፤ «ስብሰባው ውሳኔውን ለሚቀጥለው ሳምንት አስተላለፈ» ደግሞ አልወሰነም ማለት ነው። ልዩነቱን የያዘው «ለሚቀጥለው ሳምንት» የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ «ተላለፈ» ካሉ መድረሻ ቀኑን አብረው ይጻፉ፤ ቀኑ ካልታወቀም «ላልተወሰነ ጊዜ» ይበሉ። በእግር ኳስ ቀኑ ተላልፎ በኋላ የሚደረገው «ተስተካካይ ጨዋታ» ይባላል፤ ቃሉ ስላለ መጠቀም ነው።

ጥያቄ፦ «ለ2 ሰዓት ተራዘመ»፣ «በ2 ሰዓት ተራዘመ»፣ «ወደ 2 ሰዓት ተራዘመ» አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፤ ብዙው ግራ መጋባት የሚመጣውም ከግሡ ሳይሆን ከዚህች ፊደል ነው። 4 ሰዓት ላይ ሊጀመር የተያዘ ስብሰባ ይኑር እንበል።

«በ2 ሰዓት» የልዩነቱ መጠን ነው፤ 6 ሰዓት ይጀመራል። ግን «በ2 ሰዓት ተጀመረ» ሲባል ያው «በ» የሰዓት ነጥብ ይሆናልና፣ «2 ሰዓት ያህል ዘግይቶ በ6 ሰዓት» ብሎ መዘርዘር ያዋጣል። «ወደ» አዲሱን ነጥብ ያሳያል፤ «ወደ 8 ሰዓት ተዛወረ» ካሉ የሚጀመረው በ8 ነው። ግን «ወደ ሁለት ሰዓት ፈጀ» ማለት «ሁለት ሰዓት ገደማ» ይሆናልና፣ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለውን አይተዉ። «እስከ» ለማብቂያ ብቻ ነው፤ «እስከ ዓርብ ተራዘመ» ሲባል ዓርብም ይቆጠራል አይቆጠርም የሚል ክርክር ይነሳል፣ «እስከ ዓርብ 11 ሰዓት» ሲባል ይዘጋል።

አስቸጋሪዋ «ለ» ናት። «ለማክሰኞ ተላለፈ» ነጥብ ነው፣ «ለሁለት ሳምንት ተራዘመ» የጊዜ ርዝመት ነው፣ «ለ2 ሰዓት ተራዘመ» ደግሞ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ከሰዓት ቁጥር ጋር «ለ»ን ከ«ተራዘመ» አያጣምሩ።

ጥያቄ፦ አለቃዬ «ስብሰባውን ወደ ኋላ ግፉት» አሉ። ግማሹ ሰው ቀድሞ ይደረግ ብሎ ተረዳ።

መልስ፦ ቋንቋችን ራሱ እዚህ ላይ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። «ወደፊት» የሚመጣው ጊዜ ነው፤ «ከዚህ በፊት» ግን ያለፈው ነው። «በኋላ እንገናኝ» ገና የሚመጣ ነው፤ «ወደ ኋላ ተመልሰን ስናይ» ደግሞ ያለፈ። «ወደ ኋላ ግፉት» ያሉት አለቃ «በኋላ ይሁን» ማለታቸው ሊሆን ይችላል፣ የሰማው ደግሞ ወደ ትናንት አቅጣጫ ሳበው። ለቀን ለውጥ «ወደፊት»ንም «ወደ ኋላ»ንም መተው ነው የሚሻለው። አለቃ ላይ መልሶ መጠየቅ ከከበደዎት «ከሐሙስ ወደ ሰኞ ላድርገው ወይስ ወደ ረቡዕ?» ብለው ያረጋግጡ፤ በቀን ስም የተጠየቀ ሰው በቀን ስም ይመልሳል።

ጥያቄ፦ ቀኑ እንዲቀርብ ስፈልግስ? «አስቀድሙልኝ» ይባላል?

መልስ፦ ይባላል፣ ግን «አስቀደመ» ቅድሚያ መስጠትም ስለሆነ «ከሌሎቹ በፊት አስተናግዱኝ» ተብሎ ሊወሰድ ይችላል። ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል «ቀጠሮዬን ቀረብ አድርጉልኝ» ቢሉ ወዲያው ይገባቸዋል። በጽሑፍ ደግሞ «ከታቀደው ቀን ቀደም ብሎ ጥር 10 እንዲሆን» ማለት በቂ ነው።

የኦርቶዶክስ ሠርግ ለሚያዛውሩ አንድ ነገር ልጨምር። ዐቢይ ጾም የሚገባው ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፣ የሚቆየውም 55 ቀን ነው። ስለዚህ በየካቲት የተያዘን ሠርግ «በሳምንት ገፋ እናድርገው» ሲባል ከፋሲካ ማዶ ሊጥለው ይችላል። አዳራሽ ከመያዝ በፊት የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ (የአጽዋማትና የበዓላት ቀን ስሌት) ይዩ፤ አንዳንዴ የሚያዋጣው መግፋት ሳይሆን ቀደም ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ ዘገየና ተጓተተስ?

መልስ፦ ሁለቱም ውሳኔ የላቸውም። በረራ «ዘገየ» ማለት አዲስ ቀን አልተቆረጠለትም፣ በሰዓቱ አልተነሳም ማለት ነው። «ተጓተተ» ወቀሳ አለበት፤ በይፋ ደብዳቤ ስለ ራስዎ መሥሪያ ቤት ከጻፉት ጥፋት ማመንዎ ነው።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት «ተለዋጭ ቀጠሮ»፣ ስብሰባ ላይ «በይደር» ይላሉ። አንድ ናቸው?

መልስ፦ «በይደር ይያዝ» የተባለ አጀንዳ ይደር፣ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን የተባለ ነው፤ ቀን ላይኖረው ይችላል። በቃለ ጉባኤ ሲጻፍ «በይደር ተይዟል» ብቻ ከሆነ አጀንዳው ሲረሳ ይኖራል፤ የሚቀጥለውን ስብሰባ ቀን ማከል ያስፈልጋል። «ተለዋጭ ቀጠሮ» ግን ሁልጊዜ ቀን አለው። ከዚያ የሚለየው ደግሞ «የጊዜ ቀጠሮ» ነው፤ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 መሠረት ፖሊስ ምርመራውን ላልጨረሰበት ተጠርጣሪ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ የሚሰጥ ነው። «ችሎቱ ጉዳዩን በ14 ቀን አራዘመው» ብሎ የሚዘግብ ሰው ትልቁን ነገር ይጥለዋል፤ ተጠርጣሪው በእስር ይቆያል ማለት መሆኑን።

ጥያቄ፦ የጨረታ ማራዘሚያ ማስታወቂያ ልጽፍ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ «ጨረታው ተራዝሟል» ብቻ አይበቃም። የሰነድ መሸጫው፣ ማስገቢያውና መክፈቻው ሦስት የተለያዩ ጊዜዎች ናቸው። ማስገቢያው ተራዝሞ መክፈቻው ሳይነሳ ከቀረ፣ በማስታወቂያው መሠረት ሳጥኑ ተጫራቾች ሰነድ እያስገቡ ይከፈታል። የጨረታ ማስከበሪያው የሚጸናበት ጊዜም አብሮ መታየት አለበት። እያንዳንዱን በ«ከ… ወደ…» ለየብቻ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ላለን ቤተሰቦች የምልከው መልእክት ምን ይምሰል?

መልስ፦ ለምሳሌ እንዲህ፦ «ለቅዳሜ ጥር 8 የተያዘው የቤተሰብ ውይይት ወደ እሁድ ጥር 9 ተዛውሯል። ሰዓቱ አልተለወጠም፤ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ከቀኑ 6 ሰዓት።» ያልተለወጠውንም መጻፍ ጥሩ ነው፤ ካልተጻፈ ሁሉም ይደውላል። በዋሽንግተን በክረምታቸው የ8 ሰዓት፣ በበጋቸው የ7 ሰዓት ልዩነት አለ። በፈረንጆቹ መጋቢትና ኅዳር ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ፣ በየሳምንቱ የምታደርጉት ውይይት ማንም ሳያዛውረው ለእነሱ በአንድ ሰዓት ይዛወራል። በበጋቸው ያንኑ ውይይት «ከቀኑ 7 ሰዓት» ብለው ይጻፉላቸው።