ያመለጠኝን ጸሎት እሑድ ልክፈለው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ሽፍቱ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ከሁለት ዓመት በፊት የየዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ የዳዊቱን ድርሻና ከወንጌል አንድ ምዕራፍ ሳላደርስ ላልውል ለራሴ ቃል ገባሁ። የሌሊት ሽፍት ሲሆን ግን አልችልም፤ ይወዘፍብኛል። የተወዘፈውን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባንዴ ላደርስ እቀመጣለሁ፤ አፌ ያነባል፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ስልኬ ላይ በድምፅ ከፍቼ እየሠራሁ መስማትም ሞክሬያለሁ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ደግሞ «ወንጌሉ ራሱ በከንቱ አትድገሙ ይላል፤ ዳዊት መድገማችሁ ምን ይጠቅማል?» አለችኝና መልስ አጣሁ። ያለፈኝ ጸሎት ኃጢአት ሆኖ ይቆጠርብኛል? እንደምንም ልክፈለው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ አብሽሪ እኅቴ። ውዝፍ የቤት ኪራይ አለ፣ ውዝፍ ግብር አለ፤ ውዝፍ ጸሎት የሚባል ግን የለም። ይህን ጥያቄ ሕፃን ከምታጠባ እናት፣ በሽተኛ ከሚያስታምም ልጅ፣ መንገድ ላይ ከሚያድር ሾፌር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ኑሯቸው ይለያያል እንጂ ስሕተቱ አንድ ነው፤ ጸሎቱን የቆጠሩት በገጽ ነው።

ቃሉን ራሱን እንየው። «ጸሎት አደረስሽ?» እንባባላለን። ዕቃ የሚያደርስ ሰው ተቀባዩን ይፈልጋል፣ በእጁ ይሰጠዋል፣ ፊቱን ያያል። እኛ ግን ውለን አድረን ማድረስን መጨረስ አደረግነው። ገጹ ካለቀ ደረሰ ብለን መጽሐፉን እንስማለን፤ ለማን እንዳደረስነው ግን ሳናስብ እንነሣለን። እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚያስጨንቅሽ ይኸው ነው። የአራት ቀን ሸክም ይዘሽ በር ላይ ቆመሻል፣ ተቀባዩን ግን ቀና ብለሽ አላየሽውም።

ጌታ ያስተማረን «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» ብለን እንድንለምን ነው (ማቴ 6፥11)። ማክሰኞ ያልበላሽውን ምሳ እሑድ አትበዪውም። ማክሰኞ ተርበሻል፣ አልፏል፤ እሑድ የእሑዱን ትበያለሽ። እስራኤልም በምድረ በዳ መናውን ሲያሳድሩት ተልቶ ሸተተ (ዘፀ 16፥20)። በስድስተኛው ቀን እጥፍ እንዲለቅሙ መታዘዛቸው ለሚመጣው ሰንበት ነበር፤ ያለፈውን ለማካካስ አልነበረም።

እንዲህ ስል ግን የቀረው ሁሉ ምንም አይደለም ማለቴ አይደለም። ሽፍት ያስቀረው ጸሎትና ስልክ ላይ በማምሸት የቀረ ጸሎት አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁለተኛው ለንስሐ አባት ይነገራል። ደግሞስ ይህን ሁሉ ድርሻ ማን ሰጠሽ? በጥያቄሽ ውስጥ የንስሐ አባትሽ አንድም ቦታ አልተነሡም። የሰኞ ዳዊት ብቻ ከመዝሙር 1 እስከ 30፣ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60 ነው። ስምንት ሰዓት ማሽን ላይ ቆማ ከምትመጣ ልጅ ይህን በየቀኑ ሙሉውን የሚጠብቅ አባት ያለ አይመስለኝም። ሂጂና ንገሪያቸው፤ የሽፍትሽንም ሰሌዳ አሳዪያቸው። መጠኑን እሳቸው ይወስኑልሽ፤ ለራስሽ የገባሽውንም ቃል የሚያስተካክሉልሽ እሳቸው ናቸው። ሳይጠይቁ የተሸከሙት ሥርዓት፣ መጀመሪያ ትዕቢት ያመጣል፣ ሲያቅት ደግሞ ተስፋ መቁረጥ።

ወደ ጓደኛሽ ጥያቄ ልምጣ፤ አትናቂው። የጠቀሰችው ቃል ሙሉው እንዲህ ነው፦ «አሕዛብም በመናገራቸው ብዛት እንዲሰሙ ይመስላቸዋልና ስትጸልዩ እንደ እነርሱ በከንቱ አትድገሙ» (ማቴ 6፥7)። የተከለከለው «በከንቱ» ነው፤ ቃሌ ስለ በዛ ይሰማኛል ብሎ ማሰብ ነው። መድገም ራሱ ቢከለከል ኖሮ ያው ወንጌላዊ ማቴዎስ ስለ ጌታ በጌቴሴማኒ «ሦስተኛም ያንኑ ቃል ደግሞ ጸለየ» ብሎ ባልጻፈ ነበር (ማቴ 26፥44)። ያንኑ ቃል ነው የደገመው። ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ እየወረደ የተደገመ ቃል ከንቱ አልነበረም። ስለዚህ በምሕላ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን፣ «አቤቱ ማረን» ስንል አናፍርም። የእሑዱን ሩጫሽን በተመለከተ ግን ጓደኛሽ ልክ ናት። ልብ ሳይኖርበት ዕዳ ለመክፈል የሚነበነብ ዳዊት፣ ዳዊት ስለ ሆነ ብቻ ከዚህ ቃል አያመልጥም።

ታዲያ ወንጌሉን እንዴት ላንብብ ካልሽ፣ ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴ የምታደርገውን በቤትሽ በትንሹ አድርጊው። በቅዳሴ ወንጌል እንዲያው በድንገት አይነበብም። አስቀድሞ ዲያቆኑ ከዳዊት የተወሰደውን ምስባክ ያዜማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መስመር ነው። ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል። ንባቡ ሲያልቅ ደግሞ ብዙዎቻችን ሰምተን የማናስተውለው ነገር አለ፤ መዝጊያው እንደ ወንጌላዊው ይለያያል። የተነበበው ማቴዎስ ከሆነ «ሰማይና ምድር ያልፋሉ፤ ቃሌ ግን አያልፍም» ይባላል። ማርቆስ ከሆነ «የሚሰማ ጆሮ ያለው ይስማ»፤ ሉቃስ ከሆነ «ከሕግ አንዲት ነጥብ ከምትወድቅ ሰማይና ምድር ሊያልፍ ይቀላል»፤ ዮሐንስ ከሆነ «በልጁ የሚያምን የዘላለም ሕይወት አለው»። እነዚህን አራት ቃላት በቃልሽ ያዢ። ንባብሽን የምትዘጊው በእነርሱ እንጂ ገጹን በመቁጠር አይሁን።

አነባበቡ ይህ ነው። ቆመሽ ካማተብሽ በኋላ ከዕለቱ ዳዊት ሦስት መስመር ብቻ ሁለት ጊዜ በዝግታ አንብቢ፤ ያ ምስባክሽ ነው። ከዚያ ከወንጌሉ ምዕራፉን ሙሉ ሳይሆን አንዱን ታሪክ ወይም አንዱን ትምህርት ውሰጂ፤ ከ7 እስከ 12 ቁጥር ይበቃል። ለራስሽ በሚሰማ ድምፅ ይሁን፤ ዓይን ብቻ ሲያነብ ይዘላል፣ ከንፈር ሲያነብ ግን አይዘልም። አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው፣ ሁለተኛ ጊዜ ልብሽ በያዘበት ቦታ እየቆምሽ አንብቢ። ከቆምሽበት አንድ ቃል ይዘሽ ያን ቃል የራስሽ ልመና አድርጊው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በቤትሽ አማርኛ። ከዚያ የወንጌላዊው መዝጊያ፣ ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት። ሁሉም ቢበዛ 15 ደቂቃ ነው።

ማርቆስ 10፥46–52ን እንሞክር፤ ሰባት ቁጥር ነው። የጤሜዎስ ልጅ በርጤሜዎስ ከኢያሪኮ በሚወጣው መንገድ ዳር ተቀምጦ ይለምናል። በመጀመሪያው ንባብ ታሪኩን ብቻ ተከተዪ። በሁለተኛው ቁጥር 50 ላይ ቁሚ፦ «እርሱም እየዘለለ ተነሣና ልብሱን ጥሎ ወደ ኢየሱስ መጣ።» በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለልመና የተቀመጠ ሰው አይተሻል። ነጠላው ፊቱ ተዘርግቷል፣ ሳንቲሙ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው፣ ሌሊት ብርድ ሲመጣ የሚለብሰውም ያንኑ ነው። በርጤሜዎስ ልብሱን ሲጥል ዓይኑ ገና አልበራም። ጌታ ባይፈውሰው ኖሮ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ልብሱን በዳሰሳ ፈልጎ ባላገኘው ነበር። ሳያይ ነው የጣለው። እዚህ ላይ ቆመሽ «እኔስ ጨብጬ የያዝኩት ምንድን ነው?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ለአንቺ ምናልባት ያ የውዝፍ ቁጥር ራሱ ይሆናል። ወደ ቁጥር 51 ስትሄጂ ጌታ «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ይላል፤ ለዚህ መልስ ስጪ። ስለ ቤት ኪራይም ከሆነ፣ ስለ እናትሽ ሕመምም ከሆነ፣ ሳታሳምሪ ንገሪው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ፤ ይህ ዕውር «ማረኝ» ሲል ዝም እንዲል ብዙዎች ገሠጹት፤ እርሱ ግን ያንኑ ቃል አብዝቶ ጮኸ፣ ጌታም ቆመለት።

ስታነቢ ሐሳብሽ መሄዱ አይቀርም። ሲሄድ ከመጀመሪያው አትጀምሪ፤ ወደ ቆምሽበት ቃል ብቻ ተመለሺ። እንደ ገና ከላይ የሚጀምር ሰው አምስተኛው ላይ ይሰለቻል። እንባም አትፈልጊ፤ እንባ ከመጣ ይምጣ፣ ካልመጣ ጸሎቱ አልጎደለም። ዓይን ጨፍኖ መጽሐፍ ገልጦ «ዛሬ ምን ወጣልኝ?» ማለትን ግን ፈጽሞ ተዪው፤ ያ ወንጌልን ዕጣ ማድረግ ነው።

የስልኩ ድምፅ ክፉ አይደለም፤ ልብስ ስታጥቢ፣ ሽሮ ስታማስዪ ስሚ። ሥራ ላይ ግን ጆሮሽን በእርሱ አትድፈኚ፤ ለጣትሽም አደጋ ነው። ወደ ማሽኑ ይዘሽ የምትሄጂው በንባብሽ የቆምሽበትን አንዱን ቃል ነው። ሉቃስ ስለ እመቤታችን «ይህን ነገር ሁሉ በልብዋ እያሰበች ትጠብቀው ነበር» ይላል (2፥19)፤ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 51 ላይም ይደግመዋል። እርሷም የምታሳድገው ልጅ፣ የምትሠራው የቤት ሥራ ነበራት። ሙስሊም ጓደኞችሽ ከሥራ መካከል ለሶላት ሲወጡ አንቺም ሁለት ደቂቃ ፊትሽን ወደ ምሥራቅ መልሰሽ ያን ቃልሽን ብትደግሚ በወሎ ምድር ማንም አይገረምብሽም።

ሽፍቱን በተመለከተ ጸሎትሽን በግድግዳ ሰዓት ሳይሆን በእንቅልፍሽ ላይ እሰሪው። ከማታ 4 እስከ ጠዋት 12 ስትሠሪ ወንጌሉን ከቤት ከመውጣትሽ በፊት አንብቢ፤ ጠዋት ስትገቢ «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ብለሽ (ሉቃ 18፥13) ተኚ፤ ውዳሴ ማርያሙ ስትነቂ ይሁን። የጠዋቱ ሽፍት ሲሆን ንባቡን በዋዜማው ማታ አድርጊው፤ በቤተ ክርስቲያን ቀን የሚጀምረው ከምሽት ስለሆነ አስቀደምሽ አይባልም። የከሰዓቱ ሲሆን ጠዋቱ ሰፊ ነው።

ስለ ምዕራፍ ብዛትም ልናገር። ማቴዎስ 28፣ ማርቆስ 16፣ ሉቃስ 24፣ ዮሐንስ 21፤ በድምሩ 89 ምዕራፍ ነው። በቀን አንድ ሲነበብ በዓመት አራት ጊዜ ይዘለቅና 9 ቀን ይተርፋል። ይህ ስሌት ብዙዎችን ያማልላል፤ ለሚችል መልካም ነው። ለአንቺ ግን ማርቆስን ብቻ በቀን ሰባት ሰባት ቁጥር ብታነቢ ከሦስት ወር ትንሽ በላይ ይወስድብሻል፣ ያም አይበዛም። ከአንቺ ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈው አራቱ ወንጌል እንዴት እንደተጻፈ አስቢ። ቆዳው ተወጥሮ ተፍቆ፣ መስመሩ ተሠምሮ፣ ቀለሙ ተበጥብጦ፣ ፊደል በፊደል ነው። በእንዲህ ያለ እጅ የቆየልንን ቃል በሩጫ ማለፍ ያሳዝናል።

ዛሬ ከሽፍትሽ በፊት ከማርቆስ 1፥1 ጀምሪና ቁጥር 8 ላይ አቁሚ። ያለፈውን ሳምንት አትመልሺ። እሑድ በቅዳሴ የሰማሽው ወንጌል የእሑድሽ ነው፤ ቤት ስትገቢ ሌላ አትክፈቺ። በሠፈሩ የታመመ ካለ ጠይቂ፣ ከሌለም ዕረፊ።