ቀረጡ ማን ላይ ያርፋል? ለጀማሪ የንግድና የኢነርጂ ባለሙያዎች የተሰጠ ምክር

ውድ ልጆቼ፣

በጎረቤት አገሮች መካከል ቀረጥ ተጣለ በተባለ ቁጥር አለቆቻችሁ የሚጠይቋችሁ አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ያስወጣናል?» ብዙ ጀማሪ የዓመቱን ንግድ በመቶኛው ያባዛና መልሱን ያስረክባል፤ 10 ቢሊዮን ዶላር በ25 በመቶ፣ 2.5 ቢሊዮን። ይህ ስሌት ለጉምሩክ ገቢ ትንበያ እንኳ አይበቃም፤ ቀረጥ ያረፈበት ዕቃ መጠኑ ራሱ ይቀንሳልና። ማን እንደሚጎዳ ደግሞ ጨርሶ አይነግራችሁም።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ። በእኛ ቋንቋ «ታሪፍ» ሁለት ነገር ይሸከማል፤ የመብራት ታሪፍ ስንል የኪሎዋት ሰዓቱን ዋጋ፣ የጉምሩክ ታሪፍ ስንል ድንበር ላይ የሚከፈለውን። ስለ ኃይል ሽያጭ በሚጻፍ ሪፖርት ሁለቱ ሲደባለቁ አንባቢው የሚሸጠው ኃይል ተወደደ ይሁን ድንበሩ ተወደደ ሳይለይ ይቀራል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ «ቀረጥ» እላለሁ። ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀረጥን ለመንግሥት የሚከፍለው አስመጪው ነው፤ የሚከፍለውም ለራሱ አገር ጉምሩክ። የላኪው አገር መንግሥት አንድ ሳንቲም አያወጣም። ከዚያ በኋላ ግን ሸክሙ መንቀሳቀስ ይጀምራል። አስመጪው ከትርፉ ሊችለው፣ ደንበኛው ላይ ሊጭነው፣ ወይም ላኪውን «ዋጋ ቀንስልኝ» ሊለው ይችላል። ከሦስቱ የቱ እንደሚሆን የሚወስነው ሌላ መሄጃ ያለው ወገን ማን እንደሆነ ነው። ሌላ ገበያ የሌለው ላኪ ዋጋ ይቀንሳል፤ ሌላ አቅራቢ የሌለው ገዢ ጨምሮ ይከፍላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህች ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው።

ከአገር ውስጥ ፋብሪካ እንነሳ። አንድ አምራች ዕቃውን በ1000 ይሸጣል እንበል፤ ከዚህ ውስጥ 600 ከውጭ የመጣ ጥሬ ዕቃ ነው፣ 400ው እሱ የሚጨምረው እሴት፣ ማለትም ደመወዝ፣ ኪራይና ትርፍ። መንግሥት በተጠናቀቀው ዕቃ ላይ 20 በመቶ ቀረጥ ጥሎ ጥሬ ዕቃውን ነጻ ቢተወው፣ አምራቹ ዋጋውን እስከ 1200 ማድረስ ይችላል። 400 የነበረው 600 ሆነ፤ የወረቀቱ ጥበቃ 20 በመቶ ሲሆን እውነተኛው ጥበቃ 50 በመቶ ነው። አሁን ደግሞ ጥሬ ዕቃው ላይ 25 በመቶ ጨምሩበት። 600ው 750 ይሆናል፤ ለአምራቹ 450 ይቀረዋል፣ ጥበቃውም ወደ 12.5 በመቶ ይወርዳል። የተጠናቀቀው ዕቃ ምንም ቀረጥ ከሌለበትና ጥሬ ዕቃው ብቻ 25 በመቶ ከተጣለበት አምራቹ እጅ የሚቀረው 250 ነው፤ 37.5 በመቶ ተቀጣ ማለት ነው። የቀጣው የራሱ መንግሥት ነው። ስለዚህ አንድ ኢንዱስትሪ «ተጠበቀ» ሲባል የምርቱን መስመር ብቻ አትመልከቱ፤ የጥሬ ዕቃዎቹን የጉምሩክ መለያ ኮዶች አንድ በአንድ አውጥታችሁ ድርሻቸውን አስሉ።

አሜሪካ በ2018 በብረት ላይ 25 በመቶ፣ በአሉሚኒየም ላይ 10 በመቶ ስትጥል የሆነው ይህ ነው። ካናዳና ሜክሲኮ ለጥቂት ወራት ከተተዉ በኋላ ከሰኔ 1 ጀምሮ ተጨመሩ። ካናዳ በሐምሌ 1 በ16.6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ሸቀጥ ላይ አጸፋ ጣለች፤ ሁለቱም ወገን ያነሳው በግንቦት 2019 ነው። ብረት አቅላጩ ተጠቀመ፤ ብረት ገዝቶ ማሽን፣ ቆርቆሮና የመኪና ዕቃ የሚሠራው ግን ከሁለት በኩል ተመታ፣ በግብዓት ዋጋና በአጸፋው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ኢኮኖሚስቶች በ2019 ባወጡት ጥናት የዚያን ጊዜው ቀረጥ በድምሩ የፋብሪካ ሥራን ቀነሰ እንጂ አልጨመረም የሚል ውጤት ላይ ደርሰዋል። ብረት የሚያቀልጠው ሠራተኛ ቁጥር ትንሽ፣ ብረት የሚጠቀመው ግን እጅግ ብዙ ስለሆነ ውጤቱ አያስደንቅም።

ጎረቤታሞች የንግድ ስምምነት ካላቸው ጥያቄው ወደ ስሪት አገር፣ ማለትም ዕቃው የት ተሠራ ወደሚለው ይዞራል። «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» የሚባለው ተረት እዚህ ቦታ ላይ አይሠራም፤ ጉምሩክ አባቷን ይጠይቃል። በ2020 ሥራ ላይ በዋለው የአሜሪካ፣ የሜክሲኮና የካናዳ ስምምነት አንድ መኪና ያለ ቀረጥ ለማለፍ ከዋጋው 75 በመቶ ከሦስቱ አገሮች መገኘት አለበት፤ በቀድሞው ስምምነት 62.5 ነበር። ማረጋገጫው የተለየ ቅጽ የለውም፣ ግን ዘጠኝ መረጃዎች መሟላት አለባቸው፤ ሰነዱም አምስት ዓመት ይቀመጣል። በመጋቢት 2025 አሜሪካ በካናዳ ዕቃ ላይ 25 በመቶ ጥላ ከቀናት በኋላ የስምምነቱን ደንብ የሚያሟላውን ነጻ ስታደርግ፣ ዕቃቸው ደንቡን እያሟላ ሰነዱ ግን ያልነበራቸው ድርጅቶች ብዙ ነበሩ። ስንፍና ብቻ አልነበረም። መደበኛው ቀረጥ ዜሮ ወይም ሁለት በመቶ ሳለ ማረጋገጫ ማዘጋጀቱ ከሚያድነው በላይ ያስወጣል። ቢሆንም ሰነዱን በሰላሙ ጊዜ አዘጋጁት፤ በግርግር ጊዜ አቅራቢያችሁ ስልክ አያነሳም።

አሁን ወደ ነዳጁ። በዚያው የመጋቢት 2025 የቀረጥ ትዕዛዝ ላይ አንድ ዝርዝር አለ፣ ብዙ ሰው ያለፈው፤ ለሌላው ሁሉ 25 በመቶ ሲባል ለኢነርጂ 10 በመቶ ብቻ ተባለ። ለምን? አሜሪካ በቀን 13 ሚሊዮን በርሜል ያህል ድፍድፍ የምታወጣ፣ በዓለም ቀዳሚ አምራች ናት። ነገር ግን የራሷ ነዳጅ በአብዛኛው ቀላል፣ ማለትም ቀጭን ነው። በአገሯ መካከለኛው ምዕራብ ያሉት ማጣሪያዎች ደግሞ የካናዳዋን ክፍለ ሀገር የአልበርታን ከባድ ድፍድፍ እንዲሰባብሩ ተደርገው ተሠርተዋል፤ ኮከር የሚባለው፣ ወፍራሙን ዝቃጭ በሙቀት የሚሰነጥቀው ክፍላቸው ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ነው። ቀላል ነዳጅ ቢሰጡት ክፍሉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ከካናዳ በቀን ወደ 4 ሚሊዮን በርሜል የሚገባውም ለዚህ ነው። ገዢው በቀላሉ መዞር እንደማይችል ቀረጡን የጣለው ራሱ ያውቅ ነበር።

ሻጩስ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩ። በ2018 መጨረሻ የአልበርታ ነዳጅ መውጫ ቧንቧው ሞልቶ ስለነበር ከአሜሪካው መለኪያ ድፍድፍ በበርሜል ከ40 ዶላር በላይ በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ከጥር 2019 ጀምሮ ምርቱ በቀን 325,000 በርሜል እንዲቀንስ አዘዘ። ያኔ ቀረጥ ቢጣል ኖሮ ሸክሙ በአብዛኛው የሻጩ ይሆን ነበር። በግንቦት 2024 ግን ወደ ፓስፊክ ዳርቻ የሚወስደው የትራንስ ማውንቴን ቧንቧ ማስፋፊያ ተከፈተ፤ በቀን 300,000 በርሜል ይይዝ የነበረው 890,000 ደረሰ። ከ4 ሚሊዮን አንጻር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዋጋን የሚወስነው የመጨረሻው በርሜል ነው፤ አንድ በርሜል ባሕር ዳርቻ ደርሶ ለእስያ መርከብ መሸጥ ከቻለ፣ የቀረውም በርሜል ባለቤት ያንን ዋጋ እያየ ይደራደራል።

በቁጥር ላሳያችሁ፤ ቁጥሩ ለማስረጃ ያህል ነው። በርሜሉ 60 ዶላር ቢሆን 10 በመቶው 6 ዶላር ነው። ነዳጁን ወደ ሌላ ገበያ ማዞር ለሻጩ ተጨማሪ 4 ዶላር የሚያስወጣው ከሆነ ለጎረቤቱ ከ4 ዶላር በላይ አይቀንስም፤ የቀረውን 2 ዶላር ማጣሪያው ይችላል ወይም ቤንዚኑ ላይ ይጨምራል። ይህ የሚሠራው በሌላኛው መስመር ባዶ ቦታ እስካለ ድረስ ነው። ቧንቧው በሞላ ዕለት 4ቱ 6 ይሆናል። ስለዚህ ስለ ነዳጅ ቀረጥ ስትጽፉ ከመቶኛው ይልቅ የቧንቧውን ወርሃዊ አጠቃቀም ፈልጉ።

ሌላው የሚያደናግር ነገር፣ የአልበርታ ሬንጅ መሰል ነዳጅ በቧንቧ እንዲፈስ በቀላል ፈሳሽ ይቀጠናል፤ ያ ማቅጠኛ ከሌላ አገር መጥቶ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ድብልቁ የማን ነው? የሦስቱ አገሮች ስምምነት ማቅጠኛው ከመጠኑ 40 በመቶ ካልበለጠ አመጣጡ አይታይም ይላል። እንዲህ ያለ አንቀጽ ባይኖር ቧንቧ ሙሉ ነዳጅ ነጻነቱን ሊያጣ ይችል ነበር።

በኢነርጂ መዝገብ ውስጥ የማታገኙት የኢነርጂ ኤክስፖርትም አለ፤ አሉሚኒየም። አንድ ቶን ለማቅለጥ ከ14 እስከ 15 ሜጋዋት ሰዓት ይበላል። የካናዳዋ ኩቤክ የማቅለጫ መናኸሪያ የሆነችው በግድቦቿ ምክንያት ነው፤ ባክሳይት የሚባለው የአሉሚኒየም ማዕድን የላትም። አሜሪካ በሰኔ 2025 ቀረጡን 50 በመቶ ስታደርስ «ፋብሪካ እዚህ ይተከላል» ተባለ። አስሉት። በዓመት 600,000 ቶን የሚያቀልጥ ፋብሪካ 8.7 ሚሊዮን ሜጋዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህ ሌት ተቀን የማይቋረጥ 1000 ሜጋዋት፣ ማለትም የአንድ ትልቅ ኑክሌር ሬአክተር ሙሉ ምርት ነው። በሜጋዋት ሰዓት 40 ዶላር ቢገኝ እንኳ በቶን 580 ዶላር የመብራት ብቻ ነው፤ ያን ኃይል ደግሞ የዳታ ማዕከሎች ከዚያ በላይ ከፍለው ይፈልጉታል። ባለሀብት ለእንዲህ ያለ ፋብሪካ የ20 ዓመት የኃይል ውል ይጠይቃል፤ ቀረጥ ደግሞ በአንድ ፊርማ ይነሳል።

ኤሌክትሪክ ራሱ ከሁሉም ይለያል። በዓለም አቀፉ የሸቀጥ መለያ 2716 የሚል ቁጥር አለው፤ ሆኖም አገሮች ይህን ቁጥር እንዲጠቀሙበት አይገደዱም። ኬላ ላይ የሚቆም መኪና የለም፤ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። በመጋቢት 10 ቀን 2025 የካናዳዋ ክፍለ ሀገር ኦንታሪዮ ወደ ኒው ዮርክ፣ ሚሺጋንና ሚኒሶታ በምትልከው ኃይል ላይ 25 በመቶ ጭማሪ ጣለች፤ በሜጋዋት ሰዓት 10 የካናዳ ዶላር ያህል። በማግስቱ ከዋሽንግተን በኩል የብረትና የአሉሚኒየሙን ቀረጥ በእጥፍ የማሳደግ ዛቻ መጣ፤ ጭማሪው በዚያው ቀን ታገደ። ከፖለቲካው በስተጀርባ ያለውን ቴክኒክ ግን ልብ በሉ። በእንዲህ ያለ ገበያ ገዢው በየሰዓቱ ርካሹን ይመርጣል፤ 10 ዶላሩ ከተጨመረ የጎረቤቱ የጋዝ ማመንጫ ርካሽ ሆኖ የሚገኝባቸው ሰዓቶች ይበዛሉ። ከኃይሏ ግማሽ ያህሉን ከኑክሌር የምታገኘው ኦንታሪዮ ደግሞ ሌሊት ላይ ሬአክተሩን እንደ አምፑል አታጠፋውም። ያልተሸጠው በርካሽ ይለቀቃል ወይም ግድቡ ውሃ በከንቱ ያፈሳል። መስመሩ ወደ ኋላም ይሠራል፤ ዝናብ ባነሰ ዓመት ግድብ ያለው ራሱ ገዢ ይሆናልና ዛሬ የጣለውን ነገ ሊከፍለው ይችላል።

የኃይል ሽያጭ ውል እጃችሁ ሲገባ ሦስት ቦታ ቀድማችሁ አንብቡ። መጀመሪያ ርክክቡ የሚፈጸምበትን ነጥብ፤ ከድንበሩ በሻጩ አገር በኩል ከሆነ አስመጪው ገዢው ነው፣ በገዢው አገር በኩል ከሆነ ቀረጡ ሻጩ እጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቀጥሎ የሕግ ለውጥ አንቀጹን፤ «አዲስ ግብር» ሲል ቀረጥን ይጨምር እንደሆነ፣ አጸፋንስ። በመጨረሻ ዝቅተኛውን የግዢ ግዴታ፤ ገዢው ባይወስድም ይክፈል የሚል ከሆነ በቀረጥ ምክንያት መውሰድ ማቆሙ ከግዴታው ያወጣው እንደሆነ። ብዙ አሮጌ ውሎች በሦስተኛው ላይ ዝም ይላሉ፤ ሲፈረሙ ጎረቤት በጎረቤት ላይ ቀረጥ ይጥላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።