ባትሪ ልገጣጥም ወይስ ማስተርስ ልማር?

ጥያቄ፦ «በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ የመውጫ ፈተናውን ካለፍኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ደሴ፣ ሙጋድ ከወላጆቼ ጋር እኖራለሁ። ቀን ቀን ወንድሜን ፒያሳ ባለው የሶላር ዕቃ መሸጫው እረዳዋለሁ። ከአራት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ለሱቆችና በአንድ ግቢ ለሚኖሩ ተከራዮች የሚሆን፣ እሳት የማያስነሳ ባትሪ እዚሁ ገጣጥመን ለመሸጥ አስበናል። አጎቴ ያገለገሉ የላፕቶፕ ባትሪ ሴሎችን በርካሽ አመጣላችኋለሁ ይላል። አባቴ ግን መብራት ኃይል ወይም ባንክ ማስታወቂያ እስኪያወጣ ማስተርስሽን ተማሪ ይለኛል። እርስዎ የቱን ይመክሩኛል?»

ልጄ፣ አብሽሪ። ዓመት ከመንፈቅ ያለ ሥራ መቀመጥ ቢያስጨንቅም ከወንድምሽ ሱቅ የቆየሽው ጊዜ ባክኗል ብዬ አላስብም። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ቀጠሮ የማይሰጠውን ልመልስ፤ የአጎትሽን ሴሎች አትቀበሉ። ቢቆጣም፣ በነጻ እሰጣችኋለሁ ቢልም አትቀበሉ።

የላፕቶፕ ሴል ስትፈቺው የምታገኚው ጣት የምታህለዋ፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላት ናት። በአብዛኛው ኮባልት ወይም ኒኬል ያለባት ስትሆን ከተጎዳች በቶሎ ትግላለች፤ ከጋለች ደግሞ ጎረቤቷን ይዛ ትነዳለች። ያገለገለች ከሆነች ማን እንደጣላት፣ ስንት ጊዜ ባዶዋን እንደከረመች፣ ውስጧ የተጎዳ ነገር መኖሩን ከውጭ አይተሽ አታውቂም። በኒው ዮርክ ከተማ በ2023 እ.ኤ.አ. በሊቲየም ባትሪ ምክንያት 268 ቃጠሎ ተመዝግቦ 18 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙው የተነሳው ሰዎች ቤታቸው አስገብተው ከሚሞሏቸው የኤሌክትሪክ ብስክሌቶችና ስኩተሮች ነው። ከተማይቱ በዚያው ዓመት ከአሮጌ ባትሪ በወጣ ሴል ሌላ ባትሪ ገጣጥሞ መሸጥን በሕግ ከለከለች። የእሳት አደጋ መኪና በየሰፈሩ ያላት ከተማ ከፈራችው ደሴ ሸዋ በር ላይ ያለ ጠባብ ሱቅ እንዴት ይደፍረዋል?

ሁለተኛው ነገር የራስሽ ቃል ነው፤ «እሳት የማያስነሳ» ብለሻል። ይህን ቃል ከማስታወቂያችሁም ከአፋችሁም አውጡት። ልትጠቀሙበት የምታስቡት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴል ይመስለኛል፤ ምርጫው ትክክል ነው። ኮባልትም ኒኬልም የለበትም፣ ኦክስጅኑን በቀላሉ አይለቅም፣ ራሱን በራሱ ማጋል የሚጀምርበት ሙቀትም ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን በሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ውስጥ ፈንድቶ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የገደለው የኃይል ማከማቻ ሴሎቹ ከዚሁ ዓይነት ነበሩ። ይህ ሴል ሲጎዳ ነበልባሉ ቢዘገይም የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በተዘጋ ክፍል ከተጠራቀመ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ስለዚህ «የተሻለ ደኅንነት ያለው» በሉ፤ ሳጥኑም ጋዝ ማስወጫ ይኑረው።

አሁን ወደ ሙያው እንግባ። «እዚሁ የተሠራ» ሲባል ብዙ ሰው ከድንጋይ እስከ ባትሪ ያለውን ሁሉ ያስባል። ጉጂ ኬንቲቻ ሊቲየም አለን አይደል ይሉኛል። አለን፤ ግን ከማዕድኑ እስከ ሴሉ ያለው መንገድ እርጥበት የማይገባበት አዳራሽ፣ የማይክሮን ልክ የሚጠብቅ ማሽንና ለብዙ ዓመት የሚጠብቅ ካፒታል ይጠይቃል። አምስት ተመራቂዎች ያንን አይጀምሩትም። ሴሉ ከውጭ ይገባል። የብረት ሳጥኑ፣ የመዳብ ማገናኛው፣ የኬብሉ ሥራ፣ የፊውዙና የብሬከሩ ምርጫ፣ ሴሎቹን የሚቆጣጠረው ካርድ አገጣጠም፣ ፍተሻው፣ ተከላውና ጥገናው ግን ኮምቦልቻና ደሴ ላይ ሊሠራ ይችላል። ኮምቦልቻ ብረት የሚቆርጥና የሚያጥፍ እጅ አያጣም።

በዚህ ሁሉ ሥራ ግን ገጣጣሚ ሞልቷል፤ የጎደለን ፈታሽ ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ባለፈው ክረምት ወረቀት ላስባዛ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። መብራት ጠፍቷል፤ ማሽኑ ግን በባትሪ ይሠራል። የላስቲክ ሽታ ሸተተኝና ባለቤቱን ብጠይቀው ጎረቤት ቡና እየቆሉ ነው አለኝ። ሽታው የቡና አልነበረም። ጎንበስ ብለን ከባንኮኒው ሥር ስናይ ባትሪው በፌስታል ተሸፍኗል፤ ከማገናኛዎቹ የአንዱ ቡሎን ላልቶ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቡኒ ሆኗል። ሴሎቹ አዲስ ነበሩ። የሸጠለት ሰው ቡሎኑን በእጁ ስሜት ነው ያጠበቀው።

አንቺ ኤሌክትሪክ የተማርሽ ነሽና ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በላላው ቦታ ላይ የተፈጠረው መቋቋም 5 ሚሊ ኦም ብቻ ይሁን እንበል። 70 አምፒር ሲያልፍበት፣ 70 በ70 በ0.005 ሲባዛ 24.5 ዋት ይሆናል። ራዲዮ ጠጋኝ ሊድ የሚያቀልጥበት መሣሪያ ያን ያህል ነው። ባትሪው ላይ እሱን ሰክተሽ፣ በፌስታል ሸፍነሽ ቤትሽ ሄድሽ ማለት ነው። ፈተና ላይ ይህን ሒሳብ አሥር ጊዜ ሠርተሽዋል፤ ነገር ግን ቡሎን በልኩ የሚያጠብቅ የቶርክ ቁልፍ ይዘሽ ታውቂያለሽ? ለሥራ ብጠይቅሽ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ ነበር።

ሌላው ወጥመድ ቮልት የሚለካው ቴስተር ነው። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴል መደበኛ ቮልቴጅ 3.2 ሲሆን ሲሞላ 3.65፣ ሲያልቅ 2.5 ይደርሳል። በመሃል ያለው ሜዳ ግን ዝርግ ነው፤ ግማሽ የሞላውና ሰማንያ በመቶ የሞላው በጥቂት መቶኛ ቮልት ብቻ ይለያያሉ። ስለዚህ ሻጩ ቴስተር ሰክቶ «ይኸው 3.3 አለ» ሲልሽ ስለ ሴሉ ጤንነት ምንም አልነገረሽም። ሞልተሽ፣ በታወቀ አምፒር አውርደሽ፣ ሰዓቱን ቆጥረሽ ነው የምታውቂው። 100 አምፒር ሰዓት የተባለውን ሴል በ20 አምፒር ብታወርጂው አምስት ሰዓት መቆየት አለበት። መሙላቱም ያንኑ ያህል ይፈጃል። አንድ መፈተሻ ብቻ ካላችሁ ለአንድ ባትሪ የሚሆነውን 16 ሴል ለመጨረስ ሌት ተቀን ቢሠራ እንኳ ሳምንት ሊሞላ ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይሰለቻል። አንቺ ካልሰለቸሽ ሙያው የአንቺ ነው።

ሌላም የደሴ ልጅ ብቻ የምታስበው ነገር አለ። ብዙ ብሬከርና የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይር ኢንቨርተር መግለጫው ላይ ያለው አቅም እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ የሚሠራ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት በደንብ አይወስድም፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታም ክፍተት መዝለል ይቀለዋል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ችግር የለባትም። የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ስትደርሺ ግን 2,400ን አልፈሻል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ያው ዕቃ አቅሙ ተቀንሶ መተከል ያለበት ይሆናል። አምራቹ በመመሪያው የመጨረሻ ገጾች ላይ የቅነሳውን ልክ ያስቀምጣል። ማንም አያነበውም፤ አንቺ አንብቢው። የክረምቱ ጉም ከመዳብ ላይ የሚተወውን ዝገትም አትርሺ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ማስተርሱንም ከጓደኞችሽ ጋር ልትሠሩበት ያሰባችሁትን ማኅበርም ለአንድ ዓመት አቆይያቸው። በዚህ ዓመት የወንድምሽን ሱቅ ቤተ ሙከራሽ አድርጊው። ለጥገና ወይም ለለውጥ የሚመጣውን እያንዳንዱን ባትሪ ለምን እንደሞተ መዝግቢ፤ የት ተቀምጦ ነበር፣ ምን ያሠራ ነበር፣ ማን አገናኘው፣ የቱ ሴል ቀድሞ ወደቀ። ወደ ተከላ ሲሄዱ አብረሽ ውጪ። መሰላል መያዝም ይሁን ኬብል መሳብ አትናቂ። በጎን ብየዳና የብረት ሥራ የሚያውቅ ሰው ፈልጊ፤ ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ የተመረቀ ልጅ በሰፈርሽ አይጠፋም። አምስታችሁም ኤሌክትሪካል ከሆናችሁ ማኅበሩ አንድ እግር ነው ያለው። ከአምስቱ ሁለቱ በሳጥን ሠሪና ሒሳብ በሚያውቅ ሰው ቢተኩ ጓደኝነታችሁም ይተርፋል፤ ይህን ስል ብዙ የፈረሰ ማኅበር አይቼ ነው።

አይኢሲ 62619 የሚባለውን ዓለም አቀፍ የደኅንነት መስፈርት ፈልገሽ አጥኚ። ከፍተሻዎቹ አንዱ ሆን ብሎ አንድ ሴል እንዲነድ ያደርግና እሳቱ ከባትሪው ውጭ ይወጣ እንደሆነ ያያል። ያንን ፈተና እዚህ ባታካሂዱትም ሳጥናችሁን ስትነድፉ ልታስቡት የሚገባው ያንን ነው።

አባትሽን በተመለከተ፣ እሳቸው የፈሩት ባትሪውን አይመስለኝም። ልጃቸው ስም በሌለው ሥራ እንዳትቀር ነው የሰጉት። መብራት ኃይል ማስታወቂያ ሲያወጣ አመልክቺ፤ ምክሬ ያንን አይከለክልም። እንዲያውም ዓመቱን ሙሉ የሞላሽው መዝገብ ለቃለ መጠይቁ ከየትኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጣል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ባትሪ የሚፈትሽ ሰው የሚፈልገው ሶላር ሻጭ ብቻ አይደለም፤ ጋራዡም ይፈልጋል። ከመኪና ባትሪ ግን ያለ ሥልጠና እጅሽን አታስገቢ፤ እዚያ ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ማስተርስ መማር ካማረሽ ከዓመት በኋላ ምን መማር እንደምትፈልጊ አውቀሽ ትሄጃለሽ። ለጊዜ ማሳለፊያ የተጀመረ ማስተርስ ስንቱን ሲያደክም አይቻለሁ።

ስለ ተከራዮቹ ግቢ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ አሥራ ሁለት ቤት በአንድ ባትሪ። ግን 16 ሴል ያለው፣ 51.2 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሙሉ ሆኖ የሚይዘው 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3 ሺህ 500 ዋት ያህል ይስባል። አንዲት እናት ምጣዳቸውን የጣዱ ዕለት አሥራ አንዱ ቤት በጨለማ ያድራል፤ በነጋታው ጠቡ እናንተ በር ላይ ነው። መብራት፣ ስልክ፣ ቴሌቪዥን ብላችሁ ገድቡ፤ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን ብሬከር ስጡ፤ መዋጮውን የሚሰበስብና ጠብ የሚዳኝ ሰው እንደ ቅሬ (ዕድር) ዳኛ ራሳቸው ይምረጡ። ባትሪው ከደረጃ ሥር ወይም ከመውጫ በር አጠገብ እንዳይቀመጥ፤ ከቤቱ ውጭ፣ ዝናብ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ይሁን።

የመጀመሪያዎቹን 16 ሴሎች ፈትሸሽ ስትጨርሺ ሠንጠረዡን ላኪልኝ። ሁሉም ቁጥር እኩል ከሆነ ግን አልለካሽም ብዬ ነው የምመልስልሽ።