የዩራኒየም ድንጋይ ቢፈስስ

ጥያቄ፦ በአሪዞና የጭነት መኪና እነዳለሁ። ከፒንየን ፕሌን ማዕድን ማውጫ ወደ ዩታው ዋይት ሜሳ ማጣሪያ የዩራኒየም ድንጋይ እንዳመላልስ ተጠይቄያለሁ። መኪናው ቢገለበጥ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ያልተጣራው ድንጋይ ጨረሩ ዝቅተኛ ስለሆነ ይበልጥ የሚያሰጋው አቧራውን መተንፈስና በጫማ ይዞት ቤት መግባት ነው። የጭነቱን ሰነድ ይዘው፣ ነፋሱ ከሚነፍስበት ወገን ሆነው፣ ሰው ቢያንስ 25 ሜትር እንዲርቅ አድርገው 911 ይደውሉ፤ የቆሰለ ካለ ግን ከጨረር ሥጋት በፊት ሕክምናው ይቀድማል። የፈሰሰውን በአካፋ ለመመለስ ፈጽሞ አይሞክሩ። አጓጓዡም የአደጋ ጥቆማ ለሚቀበለው የአሜሪካ ብሔራዊ ምላሽ ማዕከል ወዲያውኑ፣ ቢዘገይ በ12 ሰዓት ውስጥ በስልክ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። መንገዱ ከ500 በላይ የተተዉ የዩራኒየም ማውጫዎች ያሉበትን፣ የራሱ አስተዳደር ያለውን የናቫሆ ነባር ሕዝብ ምድር ስለሚያቋርጥ፣ ለናቫሆ ባለሥልጣናት ማን እንደሚደውል ሳያረጋግጡ ጉዞ እንዳይጀምሩ አደራ እንላለን።