የእህትህን ገንዘብ ለግራፊክስ ካርድ አታውለው

ከአዳማ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣

ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን የደብዳቤህን ፍሬ ነገር ላስቀምጥ። የ3ኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነህ። ቤት ውስጥ ራይዘን 5 ፕሮሰሰር ያለው ዴስክቶፕ አለህ። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህትህ 250 ሺህ ብር ልትልክልህ ተስማምታለች። በብሩ አራት ያገለገሉ ግራፊክስ ካርዶች ገዝተህ ክሪፕቶ ማይን ልታደርግ ነው። ማይን ማድረግ ማለት እንደ ቢትኮይን ያለ የዲጂታል ገንዘብ ግብይትን ኮምፒውተር በከባድ ስሌት እንዲያረጋግጥ አድርጎ በምላሹ አዲስ ሳንቲም ማግኘት ነው። ገቢው ደህና ከሆነ ዊዝድሮው ሞልተህ ሙሉ ጊዜህን ልትሰጠው ታስባለህ። እናትህ ደግሞ ተመርቀህ ባንክ እንድትገባ ይፈልጋሉ። «ማይኒንግ ሥራ ይሆነኛል ወይ?» ብለህ ጠየቅከኝ።

በቤት ኮምፒውተር ከሆነ አይሆንህም። እህትህ ብሩን ገና ካልላከች ዛሬውኑ ደውለህ አስቁማት። ቃሌን ብቻ ይዘህ ግን እንዳትቀር። የምህንድስና ተማሪ ነህ፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ከላክህልኝ ቪዲዮዎች ልጀምር። አብዛኞቹ የተጫኑት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ያኔ የሚሉት ነገር እውነት ነበር። ኢቴሪየም የሚባለው ክሪፕቶ በግራፊክስ ካርድ ማይን ይደረግ ስለነበር ካርድ ከየሱቁ ይጠፋ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ኢቴሪየም አሠራሩን ቀየረ። ከዚያ ወዲህ ግብይቱን የሚያረጋግጡት የራሳቸውን ኢቴሪየም በመያዣ ያስቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ ማይነር አያስፈልገውም። ካርድ ደርድሮ ይሠራ የነበረ ሁሉ ዋናው ገቢው በአንድ ቀን ቆመበት። ወደ ትናንሾቹ ሳንቲሞች ቢዞሩም እዚያ ያለው ገንዘብ ለዚያ ሁሉ ሰው አልበቃም። ብዙዎቹ ካርዳቸውን አውጥተው ሸጡ። ቴሌግራም ላይ «ብዙም ያልተሠራበት» ተብሎ የቀረበልህ ካርድ ከነዚያ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ቢትኮይንም ቢሆን በ2009 ሲጀመር ተራ ኮምፒውተር ይበቃው ነበር። በየአሥር ደቂቃው ገደማ አንድ ብሎክ፣ ማለትም የተረጋገጡ ግብይቶች ጥቅል፣ ይገኛል፤ ላገኘው 50 ቢትኮይን ይሰጠው ነበር። ይህ ሽልማት በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ 3.125 ሆኗል። ማሽን በበዛ ቁጥር ደግሞ ሥርዓቱ ራሱ ስሌቱን ያከብደዋል፤ በየ2,016 ብሎኩ እየመዘነ ያስተካክለዋል። ስለዚህ የሚያሸንፈው ብዙ ስሌት በትንሽ መብራት የሚሠራ ብቻ ነው። ከ2013 ጀምሮ ሜዳው ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠሩ ማሽኖች ሆኗል። የስሌቱ አንድ ሙከራ ሃሽ ይባላል፤ ጊጋሃሽ ቢሊዮን፣ ቴራሃሽ ትሪሊዮን ሃሽ ነው። አንትማይነር ኤስ21 የሚባለው በሰከንድ 200 ቴራሃሽ ያህል ይሠራል። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ በዚያው ሥራ ጥቂት ጊጋሃሽ ነው። አንዱን ማሽን ለመስተካከል ካርድ በአሥር ሺዎች መደርደር ሊኖርብህ ነው። ያ ማሽን ደግሞ ብቻውን 3,500 ዋት ይወስዳል። እናትህ እንጀራ የሚጋግሩበትን የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀንና ሌሊት ሳያጠፉ እንደማቆየት ነው።

«ሞኔሮስ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ በደብዳቤህም ጠቅሰኸዋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሞኔሮ የሚባለው ሌላው ክሪፕቶ እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ሆን ተብሎ ለተራ ፕሮሰሰር እንዲመች ተደርጓል። ያንተ ራይዘን 5 በሰከንድ 7 ሺህ ሃሽ ይሠራል እንበል። በዓለም ያለው ማይነር በሙሉ 3 ቢሊዮን ሃሽ ብቻ ነው እንበል፤ ይህን ያልኩት ለአንተ አድልቼ ነው። በየሁለት ደቂቃው 0.6 ሞኔሮ ይወጣል፤ በቀን 432 ይሆናል። የአንተ ድርሻ በቀን 0.001 ሞኔሮ ነው። አንድ ሙሉ ሞኔሮ ለማግኘት ኮምፒውተሩን ለ1,000 ቀን አታጠፋውም። ወደ ሦስት ዓመት ማለት ነው። 100 ዋት ቢወስድ እንኳ 2,400 ኪሎዋት ሰዓት ትከፍላለህ። ይህ ሁሉ መብራት አንድም ቀን ካልጠፋ ነው። የዛሬውን የሞኔሮ ዋጋና የቤትህን የመብራት ታሪፍ ራስህ አባዛው። ከዚያ በወር የቀረህን ከአንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ክፍያ ጋር አስተያየው።

ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ለብዙ ዓመታት ጀነሬተርና ዩፒኤስ ጠግኛለሁ። ለአምፖልና ለቴሌቪዥን የተዘረጋ ሽቦ ከባድ ጭነት ቀን ከሌሊት ሲጫንበት ሶኬቱ እንዴት እንደሚቀልጥ አይቻለሁ። አራት ካርድ በ200 ዋት ብታሰላው 800 ዋት ነው፤ የቀረው ኮምፒውተር ሲጨመር ከዚያ ያልፋል። እናትህ በተኙበት ቤት ይህን ሌሊቱን ሙሉ አታስነሳ።

አገራችን ውስጥ ማይኒንግ የለም እያልኩህ አይደለም፤ በሰፊው አለ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ማይኒንግን ስትከለክል ብዙ ኩባንያ ርካሽ መብራት ፍለጋ ወጣ። ከመጡበት አገር አንዱ የእኛ ነው። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በከፍተኛ መስመር በቀጥታ ይገዛሉ፤ ክፍያቸውም በዶላር ነው። ማሽናቸውን በኮንቴይነር ሞልተው ከሰብስቴሽን (ከኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) አጠገብ ይተክላሉ። አንተ ከአንድ ክፍል ውስጥ ሆነህ የምትወዳደረው ከእነዚህ ጋር ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። «እህቴ ደስ ብሏት ነው የምትልክልኝ፣ ቤተሰቡም ተስማምቷል» ብለሃል። ቤተሰቡ የተስማማው በማን ገንዘብ ላይ ነው? ሰው ቤት እየሠራች 250 ሺህ ብር ለማጠራቀም ስንት ወር እንደፈጀባት ጠይቀሃታል? ስትመለስ በስሟ ምን አላት? ዓረብ አገር ቆይተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ብዙ ሴቶች አማክሬያለሁ። ገንዘባቸው የወንድም ባጃጅ፣ የአጎት ሱቅ፣ የቤት እድሳት ሆኖ አልቋል። ማንም ሊሰርቃቸው አስቦ አይደለም፤ ሁሉም በፍቅር የተወሰደ ነው። የእህትህ ደመወዝ የቤተሰቡ ካፒታል አይደለም። ይህን ለእናትህም በአክብሮት ንገራቸው፤ እሳቸውም መስማት አለባቸው። ብሩ በራሷ ስም፣ በራሷ ሒሳብ ይቀመጥ።

የእናትህን ምክር ደግሞ ግማሹን ውሰድ። ተመረቅ የሚሉህ ልክ ነው። ባንክ ብቻ የሚለው ግን የምህንድስና ተማሪ የግድ የሚከተለው አይደለም።

አንተ ደብዳቤህ ውስጥ ሳታስተውለው ያለፍከው አንድ ነገር አለ። የጓደኛህን ፓወር ሰፕላይ ከፍተህ የተነፋ ካፓሲተር ቀይረህ እንዳስነሳኸው በአንድ መስመር ጽፈሃል። እኔን የሳበኝ ይህ ነው። የማይኒንግ ጣቢያ የሚበላሽ ማሽን ሞልቶታል። አንትማይነር ኤስ19ን ብትከፍት ሦስት ሃሽቦርድ፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠሩ ቺፖች የተደረደሩበት ሰሌዳ፣ ታገኛለህ። ቺፖቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲሞት ቦርዱ በሙሉ ከሥራ ሊወጣ ይችላል። የትኛው እንደሞተ በመልቲሜትር ለክቶ የሚያገኝ፣ በሆት ኤር (ብየዳውን በሞቃት አየር በሚያቀልጥ መሣሪያ) ነቅሎ የሚተካ ሰው ይፈለጋል። ትራንስፎርመርና ብሬከር የሚያውቅ፣ ማቀዝቀዣ የሚከታተል፣ ኔትወርክ የሚዘረጋ ሰውም እንዲሁ። ማይኒንጉ ነገ ቢቆም ይህ እጅ ሥራ አያጣም። ባንኮች የራሳቸው ዳታ ሴንተር አላቸው። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የግል ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል። የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ማማዎች በየቦታው ባትሪና ጀነሬተር አላቸው። ሆስፒታልና ሶላርም አለ።

ስለዚህ ትምህርትህን ቀጥል። በክረምት አጠገብህ ባለ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና አጭር ሥልጠና ተመዝገብ፤ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ፈተና ካለው ውሰድ። መልቲሜትር፣ ብየዳ ብረትና ሆት ኤር ከራስህ ገንዘብ፣ ቀስ በቀስ ግዛ። የኢንተርንሺፕ ጊዜህ ሲደርስ ዩኒቨርሲቲው የሚመድብህን ዝም ብለህ አትቀበል። የኃይል ወይም የዳታ ሴንተር ሥራ ያለበትን ቦታ ራስህ ሂደህ ጠይቅ። ደሞዝ ባይኖረውም ግባ።

የቀሩትን ጥያቄዎችህን በአጭሩ ልመልስ።

በዩኒቨርሲቲው ላብ ኮምፒውተሮች ማታ ማታ ማይን ማድረግ ስርቆት ነው። መብራቱም ማሽኑም የአንተ አይደለም፤ ከትምህርት ሊያስባርርህ ይችላል።

በላፕቶፕ መሞከር ባትሪውንና ፋኑን ይጨርስብሃል።

ያገኘኸውን ሳንቲም በቴሌግራም ወደ ብር መቀየርን በተመለከተ፣ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ገልጾ አስጠንቅቋል። የማታውቀው ሰው የላከልህ ብር ከየት እንደመጣ ስለማታውቅ የባንክ ሒሳብህ ሊታገድ ይችላል።

አሠራሩን ለመማር ብቻ ከሆነ ግን ሞኔሮን በዴስክቶፕህ ለአንድ ሳምንት አስነሳው። ዋቱን በመለኪያ ለካ፣ ሙቀቱን መዝግብ፣ የወጣውንና የገባውን በሠንጠረዥ አስቀምጥ። ያን ሠንጠረዥ ከሲቪህ ጋር አያይዘው፤ ኢንተርንሺፕ ስትጠይቅ ታሳያቸዋለህ።

ቻይንኛ ልማር ወይ ላልከው፣ አዎ ተማር። ጣቢያዎቹን ከሚያስተዳድሩት ብዙዎቹ ቻይናውያን ናቸው፤ የማሽኑን ብልሽት በቋንቋቸው የሚያስረዳ ቴክኒሻን ቶሎ ይፈለጋል። መጀመሪያ ግን የቴክኒክ ማኑዋል ያለ ችግር የምታነብበት እንግሊዝኛ ይኑርህ።