መብራት ሲጠፋ የማይደነግጥ መቅረጫ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተማክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሁሉም የሚጠይቁት ኮምፒውተር ሳይፈልግ በራሱ ብዙ ትራክ ስለሚቀዳ ዲጂታል መቅረጫ ነው። እኔም ደሴ ተቀምጬ እንዲህ ባሉ መሣሪያዎች ስቀዳ ዓመታት አልፈዋል፤ አንዱን በስህተት ገዝቼ ሌላውን በቁጭት ሸጫለሁ። ከዚያ የተረፈኝን ላካፍላችሁ።

ከባቲ፦ «ክራር እየመታሁ እዘፍናለሁ። አንዱ ነጋዴ ባለ 8 ትራክ መቅረጫ አሳየኝ፣ ሌላው ባለ 32። የዋጋቸው ልዩነት የትየለሌ ነው። ተበድሬም ቢሆን ትልቁን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ አትበደር። ትራክ ማለት መሣሪያው ለየብቻ አስቀምጦ በአንድነት የሚያሰማው የድምፅ መስመር ነው። በአንድ ጊዜ ስንት ማይክ ተቀብሎ ለየብቻ ይቀዳል የሚለው ደግሞ ሌላ ቁጥር ነው፤ ነጋዴው ጮክ ብሎ የማይነግርህም እሱን ነው። ታስካም የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ዲፒ-32ኤስዲ 32 ትራክ አለው፤ በአንድ ጊዜ የሚቀዳው ግን 8 ብቻ ነው። ታናሹ ዲፒ-008ኢኤክስ 8 ትራክ ይዞ በአንድ ጊዜ 2 ይቀዳል። ዙም የሚባለው ሌላው ኩባንያ የሚሠራው አር16 ደግሞ 16 ትራክ ኖሮት 8 ማይክ በአንዴ ይቀበላል።

አሁን በጣትህ ቁጠር። ክራሩ አንድ፣ ድምፅህ ሁለት። በማግስቱ ጓደኛህ መጥቶ ማሲንቆ ቢጨምርልህ ሦስት፣ ዋሽንት አራት፣ ከበሮ አምስት፣ ተቀባዮች ስድስትና ሰባት፣ ጭብጨባ ስምንት። ሞላ! ብቻውን ለሚሠራ ሰው ሁለት የማይክ መሰኪያና ስምንት ትራክ ከበቂ በላይ ነው። ቢጠብብህ እንኳ ሦስቱን አቀላቅለህ ወደ አንድ ወይም ሁለት ትራክ ትገለብጣቸዋለህ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የታስካም ፖርታስቱዲዮ 144 በካሴት ላይ 4 ትራክ ብቻ ነበረው፤ ሰዎች በዚያው ግልበጣ ሙሉ አልበም ሠርተውበታል። ያኔ በየግልባጩ የካሴቱ ሽሽታ ይከማች ነበር፤ በዲጂታል ያ ጣጣ የለም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፦ ከተቀላቀለ በኋላ ማሲንቆውን ለብቻው ዝቅ ላድርግ ብትል አይሆንም። ስለዚህ ዋናዎቹን ትራኮች ቅጂ ሳታስቀር አትደምስስ።

ከኮምቦልቻ፦ «በቀረጻ መሃል መብራት ቢጠፋ የቀዳሁት ይተርፋል?»

ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። መሣሪያው ፋይሉን በወጉ የሚዘጋው አንተ የማቆሚያውን ቁልፍ ስትጫን ነው፤ ከዚያ በፊት ኃይሉ ከተቋረጠ የማስታወሻ ካርዱ ላይ የሚቀረው የማይከፈት ፋይል ሊሆን ይችላል። እኔ ያየሁትን ልንገርህ። አንድ አዛውንት የማሲንቆ ባለሙያ ከውጫሌ በኩል መጥተው ቤቴ ተቀመጡ። ቡና ጠጥተው፣ ጭራውን ዕጣን አሽተው ጀመሩ። ወደ አሥራ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ግጥሙ በራሱ ይፈስሳቸው ጀመር፣ ልክ በዚያው ቅጽበት ቤቱ ጨለመ። መብራቱ ሲመጣ «እንደገና ይሞክሩልኝ» ብላቸው «የሄደው ሄዷል፤ ሁለተኛው ያው አይሆንም» ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ። ያን ሳምንት ነው ባለ ባትሪ መቅረጫ የገዛሁት።

ስለዚህ በእኛ አገር ከትራክ ቁጥር በፊት የሚጠየቀው «በባትሪ ይሠራል?» የሚለው ነው። ዲፒ-008ኢኤክስና የዙም አር8 በ4 ቀጫጭን የኤኤ (AA) ባትሪ ይሠራሉ፤ አር16 6 ይፈልጋል። ትልልቆቹ የታስካም ዲፒ-24ኤስዲና የዙም አር20 ግን የባትሪ ቦታ የላቸውም፤ የሚሠሩት ከግድግዳው ሶኬት ብቻ ነው። ርካሹ ባትሪ አንድ ዘፈን ሳያደርስህ ይሞታል፤ አልካላይን ግዛ፣ ወይም የሚሞላውን። የሚሞላውን ካደረግህ በመሣሪያው ማውጫ ውስጥ የባትሪውን ዓይነት አስተካክል፤ አለዚያ የቀረውን ኃይል አሳስቶ ይነግርሃል። ከመቅረጫው 48 ቮልት የሚስብ ኮንደንሰር ማይክ ከሰካህ ባትሪው ይበልጥ ቶሎ ያልቃል። አር8 በዩኤስቢ ገመድ ከፓወር ባንክም ይሠራል፤ አንዳንዱ ፓወር ባንክ ግን የሚጠባው ኃይል ሲያንስበት ራሱን ያጠፋልና ከቀረጻው ቀን በፊት ሞክረው።

ከውጭ የሚመጣልህ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ «100–240 ቮልት» የሚል መኖሩን ሳታነብ አትሰካው። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራውን የእኛ 220 ያቃጥለዋል።

ከከሚሴ አቅራቢያ፦ «የመንዙማ ጀማዓ ነን፤ አውጪው፣ ድቤ መቺውና ተቀባዮቹ ተደምረን አሥራ ሁለት እንሆናለን። አሥራ ሁለት ማይክ የሚቀበል መሣሪያ የቱ ነው?»

አብሽሩ፣ አሥራ ሁለት አያስፈልጋችሁም። አራት ከበቂ በላይ ነው፤ በሁለትም ይሠራል። አራት መሰኪያ ካለ አንዱን ለአውጪው በአንድ ስንዝር ርቀት፣ ሁለቱን ለተቀባዮቹ፣ አንዱን ለድቤው አድርጉ። ሁለት ብቻ ከሆነ ተቀባዮቹ በግማሽ ክብ ይቀመጡ፣ አውጪው ለማይኮቹ ቀረብ ይበል፣ ድቤ መቺው ከሁሉም ኋላ ይሁን። ድቤ ከሰው ድምፅ ቀድሞ ማይክ ውስጥ ይገባል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማስኬድ ማንኛውም ቁልፍ የማይሠራውን ይሠራል።

«ድቤውን በኋላ ለብቻው እንቅዳው» የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉ። በስቱዲዮ ሕግ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ድቤውና ተቀባዩ በአንድ ትንፋሽ ካልሄዱ የሚወጣው ሌላ ነገር ነው።

የድምፅ መጠኑን ስታስተካክሉ ደግሞ በመጀመሪያው ዜማ አትታለሉ። ሀድራው ሲሞቅ ድምፁ በእጥፍ ያድጋል። ሞቅ ያለውን ቀድማችሁ አስሞክሩና ጠቋሚው ከፍ ሲል ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም አድርጉ፤ በ24 ቢት ስትቀዱ ዝቅ ያለው በኋላ ያለ ችግር ከፍ ይላል፤ ከልክ አልፎ የተቀደደው ድምፅ ግን አይሰፋም። የዙም አር4 በ32 ቢት ፍሎት (ከልክ ያለፈውን ድምፅ በኋላ ዝቅ ማድረግ በሚያስችል አቀዳድ) ስለሚቀዳ ይህን ስጋት በእጅጉ ያቀልላል፤ ትራኩ ግን 4 ብቻ ነው። ለእናንተ ሥራ ይበቃል ባይ ነኝ።

ከደሴ፦ «አብሮት የተሠራ ከበሮና የዘፋኙን ዜማ በራሱ የሚያቃና ድምፅ ማስተካከያ ያለው ልግዛ? የምዘፍነው በአብዛኛው አምባሰል ነው።»

ከበሮውም ምት ቆጣሪው ሜትሮኖሙም ከፋብሪካ ሲመጡ አራት አራት ነው የሚቆጥሩት። ለትዝታህም ለጭፈራህም ቆጠራውን ወደ 6/8 (ስድስት ስድስት ወደሚቆጥረው ምት) ካልቀየርከው እግርህና ጆሮህ ይጣላሉ። ድምፅ ማስተካከያውን ግን ዝጋው። መሣሪያው የሚያውቀው አሥራ ሁለቱን የፒያኖ ድምፆች ነው፤ አምባሰል ላይ ያለችውን ያችን ተንሸራታች እንጉርጉሮ እንደ ደረጃ ቆራርጦ ያወጣታል። አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ከዚሁ ከወሎ ይዘው የወጡ ቅኝቶች ናቸው፤ እኛው በገዛ እጃችን ደረጃ ስናደርጋቸው ማየት ያሳፍራል። ኦርጋን በኋላ የምትጨምር ከሆነ ግን ክራሩን አስቀድመህ በ440 ኸርዝ፣ ኦርጋኑ በሚቃኝበት ልክ፣ ቃኘው፤ በድምፅህ ብቻ ቃኝተህ ከቀዳህ ኦርጋኑ ሲመጣ አይታረቁም።

ከወልዲያ፦ «128 ጊጋባይት ካርድ ገዝቼ መቅረጫው አላውቀውም አለኝ።»

ቆየት ያሉት መሣሪያዎች ከ32 ጊጋባይት በላይ አያነቡም። መመለስ ከቻልክ መልሰህ አነስተኛውን ውሰድ፤ አይጎድልብህም። አንድ ትራክ በ44.1 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ጥራት በደቂቃ 8 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ስምንት ትራክ ያለው የአምስት ደቂቃ ዘፈን ወደ 320 ሜጋባይት ይሆናል፤ በ32 ጊጋባይት እንዲህ ያሉ መቶ ያህል ዘፈኖች ይገባሉ። ካርዱን በራሱ በመቅረጫው ፎርማት አድርገው።

ከላሊበላ፦ «ዘመዴ ከውጭ የድሮ ሮላንድ ቪኤስ-880 ልላክልህ ይለኛል።»

ስለ ደግነቱ አመስግነውና ሌላ ነገር እንዲልክ ጠይቀው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥሩ መሣሪያ ነበር፤ ነገር ግን በሃርድ ዲስክ ላይ በራሱ ቋንቋ የሚጽፍ፣ ዩኤስቢ የማያውቅ ነው። የቀዳኸውን ከውስጡ ማውጣት ራሱ ሙያ ይጠይቃል።

ከሐይቅ፣ እናት፦ «ልጄ መቅረጫ ካልተገዛልኝ ብሎ ቤቱን አስጨንቆታል። ኮምፒውተር አለው፤ ያ አይበቃውም?»

እትዬ፣ ኮምፒውተሩ ደህና ከሆነና ማይክ የሚሰካበት ትንሽ መሣሪያ ከተጨመረለት ይበቃዋል፤ ቆርጦ ለመቀጠልና ለማረም እንዲያውም ይሻላል። የመቅረጫው ጥቅም ሌላ ነው፦ ይከፈታል፣ ይቀዳል፣ ጨዋታና ፊልም የለበትም። ሁለቱንም ካስፈለገው የዙም አር16ን የመሰሉት በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዘው እንደ ማይክ መሰኪያም ያገለግላሉ። ከመግዛትዎ በፊት ግን በስልኩም ቢሆን አንድ ዘፈን ጀምሮ ይጨርስና ያሳይዎት። ያንን ካላደረገ ገንዘብዎን ይያዙ።

ከደሴ፣ ሌላ ሰው፦ «ቤቴ ቆርቆሮ ነው፤ ክረምት ደግሞ መጣ። ክፍሉን ምን ላድርገው?»

ለማስተጋባቱ መድኃኒት አለው። ቡልኮ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ከዘፋኙ ጀርባ ስቀል፤ ማይኩ የሚያየው ወደዚያ ስለሆነ ከማይኩ ኋላ መስቀሉ ብዙ አይረዳም። ወለሉ ሊሾ ከሆነ ምንጣፍ ጣልበት። ለቆርቆሮው ዝናብ ግን ምንም የሚሰቀል የለም። የሐምሌ ዝናብ የሚበዛው ከቀትር በኋላ ነውና ጠዋት ቅዳ። እኔ ጠዋት ከቀዳኋቸው አምስት ዘፈኖች በሦስቱ ላይ የጎረቤቴ አውራ ዶሮ አለ፤ ከዝናቡ ይሻላል።